ከመጋለብ በፊት ማቆምን መማር

ፈረስ በሀገራችን ከጥንት ጀምሮ በጦር ሜዳ ጓደኛ፣ በሩቅ መንገድ ረዳት፣ በበዓልና በሠርግ ቀን ጌጥ ሆኖ ኖሯል። ነገሥታቱና መኳንንቱ በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው መባላቸውን የማያውቅ የለም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበርም በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ጦርነት የዋሉትን ፈረሰኞችና ፈረሶች በማሰብ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብር ዘንድ የተለመደ ነው።

ስለ ፈረስ ፍጥነት ብዙ ተፎክሯል፤ ብዙም ተዘፍኗል። ስለ ማቆሙ ግን የሚናገር ጥቂት ነው። አባት ልጁን በኮርቻ ላይ ሲያስቀምጥ አወጣጡንና አነዳዱን ያሳየዋል፤ እንዴት እንደሚያቆም ግን «ዛቡን ሳብ» ከማለት በቀር የሚነግረው አይኖርም። ይህችም አጭር ምክር ብቻዋን ስትሆን ከመጥቀም ይልቅ የምትጎዳበት ጊዜ አለ። እኔ ይህን የተረዳሁት በመጽሐፍ ሳይሆን በራሴ ላይ በደረሰ ነገር ስለ ሆነ፣ አስቀድሜ እርሱን ልንገራችሁ።

ከብዙ ዓመታት በፊት፣ የ14 ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በሰሜን ሸዋ ደጋ በአንድ ዘመዳችን ሠርግ ላይ የአጎቴን ዳማ ፈረስ ተቀምጬ ሙሽራውን ካጀቡት ፈረሰኞች ጋር ወጣሁ። ፈረሱ ብዙ ቀን ያለ ሥራ ቆሞ ገብስ ሲበላ የሰነበተ ነበረ። ጎረምሶቹ በሜዳው ላይ ሽምጥ መጋለብ ሲጀምሩ የእኔም ፈረስ ተከተላቸው። በመጀመሪያ ደስ አለኝ። ሌሎቹ ፈረሶቻቸውን ገትተው ሲመለሱ ግን የእኔው አልቆም አለ። ከፊቴ የሠርጉ ዳስ ነበረ፤ በዳሱም በራፍ ልጆች ተሰብስበው ይመለከቱ ነበር፤ ታናሽ እኅቴም ከእነርሱ መካከል ቆማ ነበረች።

ፈራሁ። ሁለቱን ዛቦች በሙሉ ኀይሌ ወደ ደረቴ ሳብሁ፤ እንዳልወድቅም በሁለት እግሮቼ የፈረሱን ጎን አጥብቄ ያዝሁ፤ ጮኽሁም። ይህን ባደረግሁ መጠን ፈረሱ አንገቱን እያደነደነ ሩጫውን ጨመረ። በዚያን ጊዜ በሜዳው ዳር በበቅሏቸው ላይ የነበሩ አንድ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ አትጎትት! እግርህን አላላው! አንዱን ዛብ ይዘህ ወደ ዳገቱ አዙረው!» ብለው በታላቅ ድምፅ ተጣሩ። ነገሩ ባይገባኝም ታዘዝሁ። ፈረሱም ከዳሱ 30 ርምጃ ያህል ሲቀረው ወደ ግራ እያጠፈ ዞረ፤ ዳገቱንም ጥቂት እንደ ወጣ ሩጫው ወደ ሶምሶማ፣ ሶምሶማውም ወደ ርምጃ ተለወጠና ቆመ።

ሽማግሌው በቅሏቸውን እየነዱ ደረሱብኝ። እንደሚቆጡኝ አስቤ አንገቴን ደፍቼ ነበር፤ እርሳቸው ግን አልተቆጡም።

«ፈረሱ አልበደለም» አሉኝ። «አንተ በእጅህ ቁም ትለዋለህ፤ በእግርህ ደግሞ ሂድ ትለዋለህ። የትኛውን ይስማህ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ ጋሼ?» አልኋቸው።

«ነገ በጠዋት እኔ ዘንድ ና። ማቆምን ሳትማር ግን ሁለተኛ እንዳትጋልብ» አሉኝ።

እኒህ ሰው በወጣትነታቸው በአንድ ትልቅ ቤት ባልደራስ ሆነው ያገለገሉ ኖረዋል። ከዚህ በታች የምጽፈው ከእርሳቸው የተማርሁትንና ኋላም በማንበብና በማየት ያረጋገጥሁትን ነው።

የፈረስ ጠባይ

ፈረስን ለማቆም የሚፈልግ ሰው ፈረስ ለምን እንደሚሮጥ አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል። ፈረስ ሣር በል እንስሳ ነው፤ ቀንድም የለውም። ቢራገጥና ቢነክስም ዋናው መዳኛው ሩጫ ነው። ስለዚህ ያልታሰበ ነገር ባየ ወይም በሰማ ጊዜ አስቀድሞ ይሮጣል፤ ምንነቱን የሚመረምረው ከራቀ በኋላ ነው። ዓይኖቹ በራሱ ግራና ቀኝ ስለ ተቀመጡ በዙሪያው ያለውን ከሞላ ጎደል ያያል፤ በግንባሩ ፊት እጅግ የቀረበውንና ከጅራቱ በስተ ኋላ ያለውን ግን አያይም። ከኋላው ድንገት ዣንጥላ ሲዘረጋ ወይም የውሻ ጩኸት ሲሰማ መበርገጉ ከዚህ የተነሣ እንጂ ከክፋት አይደለም።

ፈረስ መንጋ ወዳድም ነው። ጓደኞቹ ሲሮጡ እርሱም ይሮጣል፤ እነርሱ ረጋ ሲሉ እርሱም መርጋት ይቀናዋል። በጀርባው ላይ ያለውንም ሰው እንደ አንድ የመንጋው አባል ይሰማዋል። የጋላቢው ጡንቻ ሲጠነክር፣ ትንፋሹም ሲቋረጥ፣ ፈረሱ አንድ አደጋ መኖሩን ከዚያ ይረዳል። እንግዲህ የፈራ ጋላቢ ሳያውቀው ፈረሱን ያስፈራዋል ማለት ነው።

የፍጥነቱንም መጠን ማሰብ ይገባል። በርምጃ ጊዜ አራቱ ኮቴዎች ተራ በተራ መሬት ይነካሉ፤ ፈረሱም በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። በሶምሶማ የፊትና የኋላ እግሮች በሰያፍ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይረግጣሉ፤ ፍጥነቱም በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቀለል ያለው ግልቢያ ሦስት ምት አለው፤ ሽምጥ ግልቢያ ግን በሰዓት 40 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ፈረስ በ1 ሴኮንድ 11 ሜትር ያህል ያልፋል። አንድ የሀገራችን ፈረስ ከነጋላቢው 300 ኪሎ ያህል ይመዝናል ብንል፣ ይህን ሁሉ ክብደት በዚህ ፍጥነት ሳለ በአንድ ጊዜ ለማቆም መሞከር በፈረሱ ጉልበትና ወገብ ላይ፣ በጋላቢውም ሕይወት ላይ መፍረድ ነው። ከግልቢያ ወደ ሶምሶማ፣ ከሶምሶማ ወደ ርምጃ፣ ከርምጃ ወደ መቆም እንደ ደረጃ መውረድ ያስፈልጋል።

ስለ ልጓምና ስለ እጅ

በፈረስ አፍ ውስጥ በፊት ጥርሶቹና በመንጋጋ ጥርሶቹ መካከል ጥርስ የሌለበት ባዶ ቦታ አለ። የልጓሙ ብረት የሚያርፈው በዚህ ነው። ከድዱ ሥር አጥንት ስላለ፣ ድዱም ስስ ስለ ሆነ፣ ቦታው ሕመም ፈጥኖ ይሰማዋል። የሀገራችን የድሮው ልጓም ደግሞ በታችኛው መንጋጋ ዙሪያ የሚያልፍ የብረት ቀለበት ያለው ስለ ሆነ ኀይለኛ ነው። ይህን የመሰለ ልጓም በተቈጣ ወይም በፈራ እጅ ሲገባ የፈረሱን አፍ ያቆስላል፤ በረጋ እጅ ግን ጣትን ጨበጥ ማድረግ ብቻ ይበቃዋል። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 3 ስለ አንደበት ሲያስተምር ልጓምን ምሳሌ ያደረገው ትንሽ ነገር ታላቁን አካል እንደሚመራ ለማሳየት ነው። ትንሽ በመሆኑም ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።

ሰው ዛቡን ያለ ማቋረጥ በጎተተ ጊዜ ፈረሱ በልጓሙ ላይ ይደገፍበታል። ሰው ገመድ ሲጓተት እንደሚያደርገው አንገቱን አደንድኖ ይስባል፤ በዚህም የሚያሸንፈው እርሱ ነው። ልጓም ነክሶ ሮጠ የሚባለው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ስለዚህ የማቆም ምሥጢሩ በመሳብ ብቻ ሳይሆን በመሳብና በመልቀቅ ነው። ጨበጥ፣ ለቀቅ፤ እንደ ገና ጨበጥ፣ ለቀቅ። ፈረሱ ጥቂት እንኳ ቢዘገይ ወዲያው አላላ ማለት ይገባል፤ መላላቱ ለእርሱ ምስጋና ነውና። ዘግይቶ ሳለ መጎተቱ ያልቀረለት ፈረስ መታዘዝ ምንም እንዳልጠቀመው ይማራል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው የአቴናው ዜኖፎን ስለ ፈረስ ግልቢያ በጻፈው መጽሐፉ፣ ሰው ተቈጥቶ ሳለ ፈረስን እንዳይነካ አጥብቆ መክሯል። ይህ ከተጻፈ ከ2,300 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የፈረስም ጠባይ የሰውም ቍጣ እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

በሥርዓት ማቆም

ባልደራሱ ለ7 ቀን ከርምጃ አላሳለፉኝም። በየቀኑ እየሄድሁ አቆም፣ እየሄድሁ አቆም ነበር። ያስተማሩኝም ተራ ይህ ነው።

1ኛ፣ ጋላቢው አስቀድሞ ያስብ። የሚያቆምበትን ቦታ በዓይኑ ይምረጥ፤ ወደ ታች ወደ ፈረሱ ራስ ሳይሆን ወደ ፊት ይመልከት። ወደ ታች ያየ ሰው ትከሻው ይጎብጣል፤ ክብደቱም በፈረሱ ትከሻ ላይ ይወድቃል።

2ኛ፣ በኮርቻው ላይ ረግቶ ይቀመጥ። ወገቡን ያቅና፣ ትከሻውን ወደ ኋላ ጥቂት ይመልስ፣ ተረከዙን ዝቅ ያድርግ፤ ረጅም ትንፋሽም ያውጣ። ጋላቢ በእርጋታ ሲተነፍስ ሰውነቱ ከብዶ ይቀመጣል፤ ይህንንም ፈረሱ በጀርባው ያውቀዋል።

3ኛ፣ ከፈረሱ ጋር መወዛወዙን ይተው። ፈረስ ሲሄድ የጋላቢው ወገብ አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ይህ እንቅስቃሴ ዝግ ሲል ፈረሱም ዝግ ማለት ይጀምራል። እግሮቹ ግን ሳይጨብጡ በጎኑ ላይ በቀስታ ይረፉ።

4ኛ፣ ከዚህ በኋላ ብቻ ጣቶቹን በዛቡ ላይ ይጨብጥ፣ ወዲያውም ያላላ። ክንዱን ወደ ደረቱ መሳብ የለበትም። ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቃል፣ ዝግ ባለ ድምፅ ቢናገረው ፈረሱ ቃሉን ለይቶ ያውቀዋል።

5ኛ፣ ፈረሱ እንደ ቆመ ዛቡን ፈጽሞ አላልቶ አንገቱን በእጁ ያሻሸው። ጥቂትም ያቁመው። ቆሞ መቆየትን ያልተማረ ፈረስ መቆምን ተማረ አይባልም።

ይህ ሁሉ በርምጃ ሳለ ከተለመደ በኋላ በሶምሶማ፣ ከዚያም ቀለል ባለ ግልቢያ ይደገማል። ጋላቢው ከአንዱ ደረጃ ወደ ሚቀጥለው የሚያልፈው ፈረሱ በትንፋሽና በትንሽ ጭብጥ ሲቆምለት ነው። በርምጃ ሳለ ያልታዘዘ ፈረስ በሽምጥ ጊዜ ይታዘዛል ብሎ ተስፋ ማድረግ ሞኝነት ነው።

ፈረስ በርግጎ ሲሮጥ

ጋላቢው ቢጠነቀቅም እንኳ ፈረስ የሚበረግግበት ቀን አለ። በዚያን ጊዜ የመጀመሪያው ሥራ መቀመጥ ነው። ወደ ፊት ጎንበስ አይበል፤ አይጩኽ፤ በተረከዙ ጎኑን አይጨብጥ። ሚዛኑ ካስፈራው በአንድ እጁ ጋማውን ወይም የኮርቻውን ፊት ይያዝ።

ሜዳው ሰፊ ከሆነ፣ ዋናው መድኃኒት ማዞር ነው። ጋላቢው አንዱን ዛብ በቀስታ፣ ነገር ግን በጽናት ወደ ጎኑ ይሳብ፤ ሌላውን ያላላ። በመጀመሪያ ክቡ ትልቅ ይሁን፤ ፈረሱ ፍጥነቱን ሲቀንስ ክቡን እያጠበበ ይሂድ። ፈረስ አንገቱን አጥፎ በጠባብ ክብ መሮጥ ይቸግረዋልና ይዘገያል። በሽምጥ ሳለ ግን ራሱን በድንገት መጠምዘዝ አይገባም፤ እግሮቹ ተጠላልፈው ከነጋላቢው ሊወድቅ ይችላል። ዳገት በቅርብ ካለ ወደ እርሱ ማዞር እጅግ መልካም ነው፤ ዳገት ሩጫን ያደክማል።

መንገዱ ጠባብ ሆኖ ለመዞር የማይቻል እንደ ሆነ፣ አንዱን እጅ ከነዛቡ በጋማው ላይ አጽንቶ መትከል፣ በሌላውም እጅ ሁለተኛውን ዛብ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ፣ ለቀቅ፣ ሳብ፣ ለቀቅ ማድረግ ነው። ይህ ኀይለኛ ዘዴ ስለ ሆነ ለአደጋ ቀን ብቻ ነው።

ከሚሮጥ ፈረስ ላይ መዝለል ብዙ ጊዜ ከመቀመጥ ይልቅ ያሰጋል። ጋላቢው ቢወድቅ ግን ዛቡን ይልቀቅ፤ ይዞ ቢቀር ከኮቴ ሥር ይጎተታል። ስለዚህም ዛብን በእጅ ላይ መጠቅለል ፈጽሞ የተከለከለ ነው። የእርካብም ነገር እንዲሁ ነው። የድሮው ፈረሰኛ በባዶ እግሩ ሆኖ አውራ ጣቱን ብቻ በጠባቡ እርካብ ያስገባ ነበር፤ ይህንንም በቅዱስ ጊዮርጊስ ጥንታውያን ሥዕሎች ላይ እናየዋለን። በወደቀ ጊዜ እግሩ በቀላሉ ይወጣለታል። ዛሬ በጫማ የሚጋልብ ሰው ሰፋ ያለ እርካብና ተረከዝ ያለው ጫማ ያስፈልገዋል፤ እስከ ጫማው መካከል ሳያስገባም የእግሩን ፊት ብቻ ያሳርፍ።

የመሬቱን ሁኔታ መመልከት

ሀገራችን ተራራና ገደል የበዛባት ስለ ሆነች ፍጥነትን መቀነስ የሚገባው አደጋው ከመድረሱ በፊት ነው። ቍልቍለት ከመጀመሩ በፊት ፈረሱን በርምጃ ማድረግ፣ ሲወርድም ሰውነትን አቅንቶ አንገቱን ነጻ መተው ያስፈልጋል፤ ፈረስ በቍልቍለት ሚዛኑን የሚጠብቀው በአንገቱ ነውና። ዝናም በመታው ጭቃ፣ በለስላሳ ድንጋይና በአስፋልት ላይ በድንገት የገቱት ፈረስ ይንሸራተታል። በጥምቀትና በሠርግ ቀን ደግሞ ሕዝብ በተሰበሰበበት አጠገብ ከርምጃ በላይ መሄድ አይገባም። ጀግንነት የሚታይበት ሜዳ ሌላ ነው።

ምክንያቱን መፈለግ

አልቆም የሚል ፈረስ ሁሉ እልከኛ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚሮጠው ከሕመም ለማምለጥ ነው። ኮርቻው ሲወርድ ጀርባውን መዳሰስ ያስፈልጋል፤ ገጣባ ያለበት ፈረስ ጋላቢው በተቀመጠ ቍጥር ቍስሉ ስለሚነካ ወደ ፊት ይሸሻል። አፉን ከፍቶ ማየትም ይገባል፤ የሾለ ጥርስ ጉንጩን ወይም ምላሱን ሲቆርጠው፣ ልጓሙም ድዱን ሲያቆስለው፣ ዛብ በተሳበ ጊዜ ራሱን ይወረውራል። ገብስ እየበላ ብዙ ቀን ያለ ሥራ የቆመ ፈረስ ደግሞ ከግልቢያው በፊት ረዘም ላለ ጊዜ በርምጃ ሊንሸራሸር ይገባዋል። የእኔ ዳማ ጥፋት ይህ ነበረ፤ ይኸውም የእርሱ ሳይሆን የእኛ ነው። ኮርቻውን በሆዱ ሥር የሚይዘውን ጠፍር ከመውጣት በፊት፣ ጥቂት ከሄዱ በኋላም እንደ ገና መፈተሽ መዘንጋት የለበትም።

ለወላጆች

አባቶችና እናቶች ሆይ፣ ልጃችሁ ፈረስ መውደዱ መልካም ነው፤ አትከልክሉት። ነገር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀመጥ ፈረሱ የረጋና ያረጀ ይሁን፤ አንድ የሚያውቅ ሰውም በገመድ ይዞት ይሂድ። ሩጫ ያየውን ሁሉ ያማልላልና፣ ጎረምሶች ጅራፍ እያጮሁ ፈረሱን ከኋላ እንዳያስሮጡበት ጠብቁ። በራሱም ላይ ጠንካራ የጋላቢ ቆብ አድርጉለት፤ ከፈረስ መውደቅ ከሚያመጣቸው ጉዳቶች ሁሉ የከፋው የራስ ጉዳት ነው። በልጁም ፊት ፈረስን በቍጣ አትምቱ፤ ልጅ በደካማ ፍጥረት ላይ ሥልጣንን እንዴት እንደሚይዙ ከዚያ ይማራል።

በ8ኛው ቀን ባልደራሱ በዚያው ሜዳ ላይ እንድጋልብ ፈቀዱልኝ። እኅቴም መጥታ በእርሳቸው አጠገብ ቆማ ነበረች። ዳማው ሮጠ፤ ነፋሱም በጆሮዬ ይጮኽ ነበር። በሜዳው መካከል ስደርስ ተቀመጥሁ፣ ተነፈስሁ፣ ጣቶቼንም ጨበጥ አድርጌ ለቀቅሁ። ፈረሱ ወደ ሶምሶማ፣ ከዚያም ወደ ርምጃ ወረደና በፊታቸው ቆመ። ሽማግሌው ፈገግ ብለው፣ «እንግዲህ ጋልብ» አሉኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ብዙ ፈረስ ተቀምጫለሁ፤ በርግጎ የሮጠብኝም አልጠፋም። ነገር ግን ሁለቱን ዛቦች ወደ ደረቴ ጎትቼ አላውቅም።